ዶክሲሳይክሊን ከሴፍታዚዲም ጋር፦ ለከባድ የባሕር ባክቴሪያ ሕመም የሚሰጠው ጥምር መድኃኒት ሲመዘን

የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ የሚደክምበት ሕመም) ያለበት ሰው ኦይስተር የተባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ ጥሬውን ይበላል። በማግሥቱ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ጥቂት ቆይቶ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ቅልጥሙ ላይ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይወጣል። ለዓይን ቀላል ነው፤ ሲነኩት ግን ያስጮኻል። በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል፣ ደም ይቋጥራል። ሌላው ደግሞ የስኳር ሕመም ያለበት፣ እግሩ ላይ ትንሽ ጭረት ይዞ ሞቅ ያለ የባሕር ዳርቻ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ነው፤ ሲነጋ እግሩን እስከ ጉልበቱ አብጦ ያገኘዋል። በሁለቱም ላይ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው።

እዚህ የምንመዝነው ለዚህ ሕመም በስፋት የሚመከረውን ጥምር መድኃኒት ነው፤ ዶክሲሳይክሊንን ከሴፍታዚዲም ጋር። ምን ይሠራል፣ እንዴት ይዘጋጃል፣ የት ላይ ይከዳል፣ በምን ይተካል? ብይናችንን ከወዲሁ እንናገር። ጥምሩ ጥሩ ነው፤ ሐኪም ከመደርደሪያው መጀመሪያ ሊያነሣው የሚገባ ነው። ጥሩነቱ ግን ከሰዓት ጋር የታሰረ ነው። ጥርጣሬው በተነሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በሙሉ መጠን፣ ቀዶ ሐኪሙም እየተጠራ ካልተሰጠ ብዙ ዋጋውን ያጣል። ሕክምናው ከሸፈ ሲባል ከመድኃኒቱ በፊት አሰጣጡ ቢመረመር ይሻላል።

ለምን ደካማውን መርጦ ይመታል

ባክቴሪያው ጨው ይወዳል። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ጨውነቱ መካከለኛ በሆነና ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ ውሃ ውስጥ በርትቶ ይራባል። ኦይስተር ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ ባክቴሪያውን በሥጋው ውስጥ ያከማቻል። ጤነኛ ሰው ቢበላው ተቅማጥ ይይዘው ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ በዚያው ያልፋል። ጉበቱ የታመመ ሰው ላይ ግን ሌላ በሽታ ነው የሚመስለው። በምግብ በኩል ገብቶ ደም ውስጥ ከተሠራጨ ከተጠቁት ከግማሽ በላይ ይሞታሉ። በቁስል የሚገባው ሞቱ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ሥጋን እየበላ እግር ያስቆርጣል።

ለዚህ መነሻው በዋናነት ብረት ነው። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ለመራባት ብረት ይፈልጋል። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ብረት ትራንስፈሪን በሚባል ፕሮቲን ተይዞ ስለሚጓዝ ባክቴሪያው በቀላሉ አያገኘውም። ሄሞክሮማቶሲስ (ብረት በሰውነት የሚጠራቀምበት ሕመም) ያለበት፣ ታላሴሚያ በተባለው የዘር የደም ሕመም ምክንያት ደም ደጋግሞ የሚሰጠው ወይም ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደም ውስጥ ግን ትራንስፈሪኑ በብረት ሞልቶ ይተርፋል፤ ባክቴሪያው ያንን ትርፍ ይበላል። ሌላው መንገድ የጉበቱ ነው። ከአንጀት የሚመጣን ደም የሚያጣሩት የጉበት ሴሎች ናቸው፤ በሲሮሲስ ጊዜ ደሙ በጎን እየዞረ ሳይጣራ ወደ ሰውነት ይገባል። የጨጓራ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን በር ራሱ ከፍቶታል። ስኳር፣ የኩላሊት ድክመት፣ ካንሰር፣ ኤች አይ ቪ፣ የአካል ንቅለ ተከላና ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ ሁሉም ከዚህ መዝገብ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ማሳሰቢያ ከወዲሁ፦ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ላይ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ትኩሳት የለም ብሎ ጥርጣሬን መተው ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ አስከፊው ነው። ከትኩሳቱ ይልቅ ሕመሙን እዩ። ቆዳው ላይ ከሚታየው በላይ የሚያም እግር፣ ከባሕር ወይም ከጥሬ የባሕር ምግብ ታሪክ ጋር ከመጣ፣ መርፌ ለመጀመር ይበቃል።

ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው የሚሠሩት

ሴፍታዚዲም የባክቴሪያውን ግድግዳ አፍርሶ ይገድላል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደርጋል። የጥምሩ ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሚጎዳው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሴሎችን በሚበሱ፣ ሥጋን በሚያሟሙ መርዞቹ ነው። መርዙ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ገዳዩ ሥራውን እስኪጨርስ ፋብሪካውን የሚዘጋ ያስፈልጋል። የሁለቱ ቤተሰቦች መድኃኒቶች ሲጣመሩ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚሠሩት የተሻለ እንደሚሠሩ የላቦራቶሪና የእንስሳት ሙከራዎች ያሳያሉ። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ በአብዛኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ከተሰበሰበ የሕመምተኞች መዝገብ ነው፤ በሽታው ብርቅና ፈጣን ስለሆነ ዕጣ ተጥሎ የሚሠራ ትልቅ ጥናት አስቸጋሪ ነው።

የአዋቂ መጠኑ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ሴፍታዚዲም ከ1 እስከ 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ሁለቱም በደም ሥር ነው። ግፊቱ የወረደ ወይም ሥጋው መሞት የጀመረ ሰው 2 ግራሙን ነው የሚወስደው፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

አሁን እጃችን ወደ ቫያሉ፣ ወደ መድኃኒቱ ጠርሙስ ይሂድ፤ ጥድፊያ ውስጥ የሚበላሸው እዚህ ነውና። የሴፍታዚዲም ዱቄት ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት አለ። 10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ጨምረው ሲያናውጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል፣ ይንፈቀፈቃል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል። ይህንን የማያውቅ ሰው መርፌውን ሲነቅል መድኃኒቱ ይረጫል፤ መጠኑም ይጎድላል። የሚሻለው ውሃውን ከጨመሩ በኋላ መርፌውን አውጥቶ መነቅነቅ፣ ዱቄቱ ሟሙቶ እስኪጠራ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን ገልብጦ፣ የስሪንጁን መግፊያ እስከ ታች ገፍቶ፣ መርፌውን በክዳኑ ማስገባት፤ የውስጡ ግፊት ራሱ መድኃኒቱን ወደ ስሪንጁ ይገፋዋል። የመርፌው ጫፍ ከፈሳሹ በታች ይሁን። ስሪንጁ ውስጥ የቀሩ የጋዝ አረፋዎች ከመወጋቱ በፊት ይወጣሉ። ቀለሙ ከፈዛዛ ቢጫ እስከ ቢጫ ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ሴፍታዚዲም በደም ሥር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሊገፋ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ግን እንዲህ አይገፋም። 100 ሚሊግራሙ በ100 ወይም በ200 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ተበርዞ፣ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ተንጠባጥቦ ነው የሚገባው። ተቻኩለው ቢሰጡት ደም ሥሩን ያቃጥላል፤ ከደም ሥር ውጭ ቢፈስስ ደግሞ ሥጋውን ይጎዳል። ከረጢቱም ከፀሐይ ብርሃን ይከለል።

ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ያለው ሕመምተኛ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሴፍታዚዲም በ5 ደቂቃ፣ መስመሩን በጨው ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ዶክሲሳይክሊን። ገልብጦ የጀመረ ሰው ገዳዩን መድኃኒት ሳያስፈልግ አንድ ሰዓት አዘገየው ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት ወይም በአንድ ስሪንጅ መቀላቀል አይገባም።

ኩላሊትና የመጀመሪያዋ መጠን

የዚህ ጥምር ትልቁ ጉድለት ሴፍታዚዲም በኩላሊት የሚወጣ መሆኑ ነው። ድንጋጤ (ግፊት ወርዶ አካላት በቂ ደም የሚያጡበት ሁኔታ) ውስጥ የገባ ሕመምተኛ የኩላሊትን ድክመት የሚያሳየው ክሬቲኒኑ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ከመጀመሪያው መጠን ላይ ይቀንሳል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። የመጀመሪያዋ መጠን የምትሞላው የሰውነቱን ፈሳሽ ነው፤ ኩላሊት የሚወስነው ቀጣዩ መቼ እንደሚደገም ነው። ያበጠ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ በሊትር የሚቆጠር ፈሳሽ የተሰጠው ሰው ደግሞ መድኃኒቱ የሚሠራጭበት ውሃ በዝቷል። እንዲህ ያለው ሰው ከጤነኛው ያነሰ ሳይሆን ቢያንስ እኩል ይፈልጋል።

ከመጀመሪያው ሙሉ መጠን በኋላ ማስተካከሉ ይመጣል። የኩላሊት ማጣሪያ አቅም በደቂቃ ከ31 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ከሆነ 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ከ16 እስከ 30 ከሆነ 1 ግራም በየ24 ሰዓቱ፣ ከ6 እስከ 15 ከሆነ 500 ሚሊግራም በየ24 ሰዓቱ ነው። በማሽን ደሙ የሚታጠብ ሰው ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ 1 ግራም ይወስዳል። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪም እነዚህን በግማሽ ያህል ሊያሳድግ ይችላል። ሳያስተካክሉ መቀጠልም አደጋ አለው፦ ሴፍታዚዲም ሲጠራቀም አእምሮ ይደነግዛል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ የሚጥል በሽታ ይነሣል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ግራ ሲጋባ «ጉበቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ የመድኃኒቱን ሰንጠረዥ ደግሞ ማየት ተገቢ ነው።

ዶክሲሳይክሊን በዚህ በኩል ምስጋና ይገባዋል። ለኩላሊት ተብሎ አይቀነስም።

ሌሎቹ ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ

ሴፍትሪያክሶን ትክክለኛ ተፎካካሪ ነው። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የቆዳና የሥጋ ኢንፌክሽን መመሪያ ከዶክሲሳይክሊን ጋር ያጣመረው ሴፍትሪያክሶንን ወይም ሴፎታክሲምን ነው። በብዙ ድንገተኛ ክፍሎች እጅ ላይ የሚገኘውም ሴፍትሪያክሶን ነው፤ ለኩላሊት ብቻ ተብሎ አይቀነስም፣ ለስትሬፕቶኮከስና ለመሰሎቹም ከሴፍታዚዲም ይሻላል። ጉበቱም ኩላሊቱም አብረው የደከሙ ሰው ከ2 ግራም በቀን እንዳያልፍ ይመከራል። ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ከሪንገር ላክቴት፣ ጋር በአንድ መስመር አይቀላቀልም፤ በመካከል መስመሩ ይታጠባል። ሴፍታዚዲም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከሌለ ፍለጋ መላክ ሳይሆን ሴፍትሪያክሶኑን ወዲያው መስጠት ነው ልክ የሆነው።

ፍሎሮኩዊኖሎኖች፣ በተለይ ሌቮፍሎክሳሲን፣ በእንስሳት ሙከራ ከጥምሩ ያላነሱ ሆነው ታይተዋል። ሴፋሎስፖሪን ፈጽሞ ለማይስማማው ሰው መውጫ መንገድ ናቸው፤ ከሴፋሎስፖሪን ጋር ተጣምረውም ይሰጣሉ። ሌቮፍሎክሳሲን 750 ሚሊግራም በ90 ደቂቃ ይንጠባጠባል። ዋጋው ግን በዚህ ሕመምተኛ ላይ ይበዛል። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ስኳርን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ስቴሮይድ የሚወስድና ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ፖታሲየሙና ማግኒዚየሙ የወረደ ሰው ላይ ደግሞ የልብ ምት ያዛባል። ስለዚህ ሁለተኛ ምርጫ ነው እንላለን እንጂ ተራ ተተኪ አንለውም።

አሚኖግላይኮሳይድ፣ ለምሳሌ ጀንታማይሲን፣ ሲሮሲስ ላለበት አዋቂ የምንመክረው አይደለም፤ ኩላሊቱን ይጨርሰዋል። ለሕፃናት ግን ከትራይሜቶፕሪም ሰልፋሜቶክሳዞል ጋር ተጣምሮ ሲመከር ኖሯል። ዶክሲሳይክሊን ጥርስ ያበላሻል የሚለው ፍርሃት ግን ከሚገባው በላይ ነው፤ እስከ 21 ቀን ለሚደርስ አጭር ሕክምና በየትኛውም ዕድሜ ሊሰጥ ይችላል።

ፈጽሞ የማይበቃው ለተራ የቆዳ ኢንፌክሽን የሚታዘዘው ነው። ክሎክሳሲሊን፣ ሴፋዞሊን ወይም ቫንኮማይሲን ብቻውን። ያበጠ ቀይ እግር የታየ ሁሉ ሴሉላይቲስ ተብሎ ክሎክሳሲሊን ይታዘዝለትና ነገ እንዲመለስ ይነገረዋል። ነገ የለም። በዚያ አንድ ቀን ውስጥ እብጠቱ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን ሊወጣ ይችላል። «ባሕር ገብተሃል? ጥሬ የባሕር ምግብ በልተሃል? ጉበትህ እንዴት ነው?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ አይፈጁም።

በተቃራኒው ጥምሩ ብቻውን ሁሉን አይሸፍንም። ሴፍታዚዲም ለስታፊሎኮከስ ደካማ ነው፣ ኦክስጅን ለማይወዱት የሥጋ አበላሺ ባክቴሪያዎችም አይሆንም። የሚሞተው ሥጋ መንስኤ ገና ካልታወቀ ቫንኮማይሲን፣ ከሜሮፔነም ወይም ከፒፐራሲሊን ታዞባክታም ጋር ይሰጣል፤ የባሕር ታሪክ ካለ ዶክሲሳይክሊን ይታከልበታል። ላቦራቶሪው የባክቴሪያውን ስም ሲያመጣ ለእርሱ የሚሆነው መድኃኒት ብቻ ይቀራል።

አለርጂ በተመለከተ፦ የፔኒሲሊን አለርጂ በራሱ ሴፍታዚዲምን አያስከለክልም፣ የጎን ሰንሰለታቸው (ብዙ ጊዜ አለርጂውን የሚያስነሣው የሞለኪዩሉ ክፍል) ይለያያል። አዝትሪዮናም የተባለው አንቲባዮቲክ አለርጂ ያስነሣበት ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ አዝትሪዮናምና ሴፍታዚዲም አንድ ዓይነት የጎን ሰንሰለት አላቸው።

ቢላዋ የሌለበት መርፌ

ጥምሩ ደም ውስጥ ይሠራል። የሞተ ሥጋ ውስጥ ግን ደም አይሄድም፣ መድኃኒቱም አይደርስም። የመድኃኒቱ ወሰን ይሄ ነው፤ መጠን በመጨመር የሚታለፍም አይደለም። ደም የቋጠረ ቁስል፣ ከእግሩ ላይ የደነዘዘ ቦታ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ቆዳ፣ ወይም መርፌ ተጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት ካለ ቀዶ ሐኪም ዛሬውኑ ይጠራል። ሆስፒታል ከገባ በ12 ሰዓት ውስጥ ቀዶ የተደረገለት ሰው ከዘገየው የተሻለ የመትረፍ ዕድል አለው።

ኤም አር አይ ለመሥራት መጠበቅ አይገባም። ጥርጣሬ ካለ ማደንዘዣ ተሰጥቶ 2 ሴንቲሜትር ያህል እስከ ፋሺያው (ጡንቻን እስከሚጠቀልለው ስስ ሽፋን) ድረስ ይቀደዳል፤ ሐኪሙ ጣቱን ያስገባል። ጤነኛ ሥጋ ጣትን ይይዛል፣ ይደማል። የሞተው ሳይታገል ይለያያል፣ አይደማም፤ የሚወጣው ፈሳሽ ዕቃ የታጠበበት ውሃ መስሎ ግራጫ ነው። ይህ ከታየ ቀዶ ሕክምናው ተጀምሯል ማለት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ መክፈትና ማየትም የሕክምናው ክፍል ነው። መጀመሪያ ያልተዳሰሰ ጠርዝ በማግሥቱ ሞቶ ይገኛልና።

ሲሮሲስ ያለበት ሰው ፕሌትሌቱ ዝቅተኛ፣ ደሙም የማይረጋ ስለሆነ ቀዶ ሐኪሙ ያመነታል። ማመንታቱ ይገባናል፤ ግን ደሙን ማስተካከልና ወደ ቀዶ ክፍል መውሰድ አብረው ሊሄዱ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን መጠበቅ የለበትም።

በዚህ መካከል ፈሳሹም ይሰጣል። ግፊቱ የወረደ ሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ያገኛል፤ ካልበቃ ግፊት የሚያነሣው ኖርኤፒኔፍሪን ተጀምሮ አማካይ ግፊቱ 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ ይያዛል። ስቴሮይድ ለወራት የወሰደ ሰው ስቴሮይዱ በድንገት አይቆረጥም፤ በድንጋጤ ጊዜ በቀን 200 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን ይሰጠዋል። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙትን ሜቶትሬክሴትን፣ አዛታዮፕሪንንና ማይኮፌኖሌትን ግን ከያዘው ሐኪም ጋር ተነጋግሮ ለጊዜው ማቆም ይመረጣል።

ብረት የሚጨምር ነገር ሁሉ ይቁም፤ የብረት ክኒንም ጨምሮ። በተለይ ታላሴሚያ ያለበት ሰው ብረት ለማውጣት የሚወስደው ዴፈሮክሳሚን ይቋረጣል። መድኃኒቱ ብረትን ይይዛል፤ ይህ ባክቴሪያ ግን ያንን የተያዘ ብረት መልሶ መጠቀም ይችላል። ለሰውነቱ የታሰበው ለጠላቱ ስንቅ ይሆናል።

ላቦራቶሪው ምን ይሁን ምን

ደም ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት) ከሁለት የተለያየ ቦታ ከመርፌው በፊት ይወሰዳል፤ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ብቻ። ደም ሥር ፍለጋ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ መድኃኒቱ ይቅደም። ከተቋጠረው ቁስል ፈሳሽ በስሪንጅ ይሳብ፤ በጥጥ ከሚነካው እጅግ ይሻላል። በማመልከቻው ላይ «ቪብሪዮ ይጠረጠራል» ተብሎ ይጻፍ። ባክቴሪያው «የደም አጋር» በሚባለው ተራ ማብቀያ ላይ ይበቅላል፤ ከሰገራና ከቆሸሸ ቁስል ለመለየት ግን ቲሲቢኤስ የሚባለው ልዩ ማብቀያ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ኮሌራ ግን ቢጫ ይሆናል። ባክቴሪያን ለመለየት የሚረዳው የኦክሲዴዝ ምርመራ ከደም አጋር ላይ ከተነሣ ናሙና ይሠራ፤ ከቲሲቢኤስ ላይ የተነሣው ያሳስታል።

ጥምሩ የማይሆንባቸው

ከባሕር የመጣ ሁሉ ቪብሪዮ አይደለም። ዓሣ ሲያጸዳ በአጥንት የተወጋ ሰው ጣቱ ላይ ሐምራዊ፣ ጠርዙ የተለየ፣ ብዙም መግል የሌለው እብጠት ካወጣ ኤሪሲፔሎትሪክስ የተባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። የዚህ መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው። ቫንኮማይሲንን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ የደም ካልቸር ላይ ግራም ፖዘቲቭ ሲመጣ በልማድ ቫንኮማይሲን የሚታዘዝበት ቦታ ላይ ይህንን የማያውቅ ሐኪም የልብ ቫልቭ እስኪበላሽ ሊጠብቅ ይችላል።

ኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ከጨዋማ ይልቅ ጨው አልባና ቅይጥ ውሃ ይወዳል፤ ቁስሉ ግን ከቪብሪዮ አይለይም። ሴፍታዚዲም መጀመሪያ ሠርቶለት ኋላ ሊከዳ ይችላል፣ ሕክምናው መካከል ላይ የሚያበዛው አፍራሽ ኢንዛይም ስላለው። በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ ፍሎሮኩዊኖሎን ወይም ሴፌፒም ይሻለዋል።

ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ደግሞ ጭራሽ የሌላ ሰዓት በሽታ ነው። ባክቴሪያው ከገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ቀስ ብሎ እጅ ላይ እባጭ ያወጣል፣ ከዚያ በክንድ ላይ በሰልፍ ይወጣል። ለሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለአንጀት ቁስለት የቲኤንኤፍ ማገጃ (የሰውነትን መከላከያ የሚገታ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ላይ ወደ አጥንትና መገጣጠሚያ ይገባል። ላቦራቶሪው በ37 ዲግሪ ብቻ ካበቀለው ላያገኘው ይችላል፤ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ እስከ 6 ሳምንት ይጠበቅ። ሕክምናው ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ከኢታምቡቶል ጋር፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለአንድ ሁለት ወር ይቀጥላል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ላይ ክላሪትሮማይሲን ሰውነት ንቅለ ተከላውን እንዳይገፋ የሚወሰደውን የታክሮሊመስን መጠን ያንራል፤ ለዚሁ ሕመም አንዳንዴ የሚታከለው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል። በሁለቱም ጊዜ የደሙ መጠን ሳይለካ መጀመር ኩላሊቱን ወይም ንቅለ ተከላውን ማስያዝ ነው።

ወደ ክኒን መሻገርና ቤት መሸኘት

ጠቅላላ ጊዜው ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፤ ቁስሉ ክፍት ሆኖ ከቀጠለ ይረዝማል። ግፊቱ ያለ መድኃኒት የቆመ፣ መብላት የጀመረ፣ የመጨረሻው ቀዶ ምርመራ ጤነኛ ሥጋ ያሳየ ሰው ወደ ክኒን ሊሻገር ይችላል፦ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ብዙ ጊዜም ከፍሎሮኩዊኖሎን ጋር። እዚህ ላይ የሚበላሽ አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ክኒኖች ከብረት፣ ከካልሲየም፣ ከማግኒዚየምና ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኙ ተያይዘው በሰገራ ይወጣሉ። የኩላሊት ሕመምተኛ የፎስፌት መቀነሻ ይወስዳል፣ የጨጓራ ሕመምተኛ አንታሲድ ይጠጣል፣ ደም ያነሰው ብረት ይውጣል። ክኒኑ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይዋጥ፤ ብረት ደግሞ ባይጀመር ይመረጣል። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ተቀምጦ ይዋጥ፤ ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ቆዳውን ይሸፍን። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ዶክሲሳይክሊኑ ቶሎ ስለሚወጣለት ሐኪሙ ይወቀው።

ከሆስፒታል ሲወጣ የሚነገረው ምክር እንደ ማዘዣው በጽሑፍ ይሰጠው። ጥሬ ኦይስተር ከእንግዲህ አይሞከርም። ሎሚ መጭመቅ፣ በርበሬ መጨመር ወይም መጠጥ ማከል ባክቴሪያውን አይገድልም፤ የተበከለውም ከጤነኛው በመልክም በጠረንም አይለይም። ከነዛጎሉ ሲቀቀል ዛጎሉ ከተከፈተ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ ያልተከፈተው ይጣላል። ዛጎሉ የተላጠው ቢያንስ 3 ደቂቃ ይፈላል፤ የሚጠበስ ከሆነ በ190 ዲግሪ በሞቀ ዘይት 3 ደቂቃ ይቆያል። የጥሬው ጭማቂ የነካው ቢላና ሳህን ለበሰለው አይውልም። ቆዳው ላይ ጭረት፣ አዲስ ንቅሳት ወይም የቀዶ ቁስል እያለ ጨዋማ ውሃ አይገባም፤ መግባት ግድ ከሆነ ውሃ በማያስገባ ፋሻ ይሸፈን፣ ሲወጣ በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ከቀላ ወይም ካመመው የሚያሳየው ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፍለት፦ የጉበቱ ወይም የሌላው ሕመሙ ስም፣ ባሕር የገባበት ሰዓት፣ የአለርጂው ዓይነትና «ዶክሲሳይክሊን ከሴፋሎስፖሪን ጋር ወዲያው» የሚል መስመር።